ከዋናው አባት እስከ እኛ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ዛሬም ሳላስበው ጣቶቼን አያለሁ፤ ቀለም ያለባቸው ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሐሙስ የጉባኤ ቀን ነበር። በትልቁ አዳራሽ አንዱን ሳምንት ስለ ታሪክ ንግግር ይደረጋል፣ በሌላው ሳምንት ስለ ሕዝብና ስለ አስተዳደር ክርክር ይያዛል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ከከተማው የፈለገ ሁሉ ገብቶ ይሰማል። የእኔ ሥራ ከፊት ረድፍ ዳር ተቀምጦ የሚባለውን መጻፍ፣ በኋላም ለተማሪዎቹ ጋዜጣ በስቴንስል፣ ማለት በማባዣው መኪና ሰም ወረቀት ላይ፣ በጽሕፈት መኪና መምታት ነበር። የማባዣው ቀለም እስከ ቅዳሜ ከጣቴ አይለቅም። ይህ ሥራ ለምን ለእኔ እንደ ተሰጠ ስጠይቅ ወንዶቹ ጽሕፈትሽ ስለሚያምር ነው ይሉኝ ነበር። መናገሩን ለራሳቸው፣ መጻፉን ለእኔ መተዋቸው እንደ ነበር የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ሲገባኝም ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው።

እውነቱን ለመናገር የንግግሩን እኩሌታ አልሰማውም ነበር። ዓይኔን ገልጬ የማልም ሰው ነኝ፤ በልጅነቴ አክስቴ ስትጠራኝ የምሰማት በሦስተኛው ላይ ነበር። ተናጋሪው ስለ አንድ ንጉሥ ጉዞ ሲያወራ እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ አቧራውን አያለሁ። የምነቃው መጨረሻ ላይ፣ ጥያቄ ሲጀመር ነው። የአዳራሹ ሕግ አንድ ነበር፤ እጁን ያወጣ ይጠይቃል፣ የተጠየቀ ይመልሳል። አንድ ቀን አዳራሹን የሚጠርጉት ሽማግሌ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን አወጡ። የታሪክ ምሁሩም ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ቆመው መለሱላቸው። ምን እንደ ጠየቁ ረስቼዋለሁ። እኔ ግን በዚያ ሕግ ፍቅር ያዘኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሳይመረቁ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ ይልክ ነበር። ጓደኞቼ መብራትና አስፋልት ያለበትን ሲመርጡ እኔ እስቴን፣ መካነ ኢየሱስን ጠየቅሁ። መዝጋቢው እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ጻፈልኝ። የተወለድኩት ከከተማዋ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ባለ መንደር ነው። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችኝ እኅቷ ናት። አክስቴ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳትወልድ የቀረች፣ ምላሷ የሚያስፈራ ሴት ነበረች። ከወንዙ ማዶ ያላትን አንድ ማሳ በእኩል እያሳረሰች፣ የደረሳትን ገብስና ስንዴ እየሸጠች፣ መጀመሪያ ደብረ ታቦር ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ የተማርኩት በዚያ ማሳ ነው ማለት ይቻላል።

ማሳው ክርክር ላይ እንደ ሆነ የሰማሁት በመጣሁ ማግስት ነው። በእኛ አገር ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከዋናው አባት ተነሥቶ፣ በልጅና በልጅ ልጅ ቆጥሮ ራሱ ላይ የደረሰ ሰው ያርሳል፤ መሐል ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ግን ቆጠራው እዚያው ይቆማል። የአክስቴ ባለጋራ የገዛ አጎቷ የልጅ ልጅ ነበር። "እናትሽ በዚያ ቤት አደገች እንጂ አልተወለደችም፤ የተወለደ እንጂ ያደገ ርስት አይቆጥርም" ብሎ ከወረዳው ዳኛ ፊት አቁሟታል። ማስረጃው አያቱ አንድ የበዓል ቀን ጠላ ጠጥቶ የተናገረው ቃል ብቻ ነው። አክስቴ ደግሞ እናቷን በሐሰት የሰደበባት መስሏት፣ በየቀጠሮው እየሄደች ለዳኛው ከማስረዳት ይልቅ ባለጋራዋን ስትረግም ውላ ትመለሳለች። ማሳው ከሄደ የምትኖረው በሰው ደጅ ነበር። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን አናነሣውም።

ዳኛው ትውልዱን ቆጥሮ የሚያስረዳ ሰው ይቅረብ ብለው ነበር። አያቴ ከተወለደችበት ዘመን የቀሩ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የሴት አያቴ ወንድም። ሰማንያን ያለፉ ቄስ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ አባ ይላቸዋል፤ እኔም አባ እላቸዋለሁ። ከዓመታት በፊት በርስት ነገር ተጠርተው በገዛ ልጃቸው ላይ እውነቱን መስክረው፣ ልጁ መሬቱን ተነጥቆ በዚያው ቂም አገር ለቆ ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ቢለምናቸው ችሎት አልረገጡም፤ ዳኛውም እሳቸውን ማስገደድ አልወደዱም። አክስቴም ብትሆን "አጎቴን ጎትቼ አላስምልም" ትላለች። ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ዓመት አለፈው።

እንግዲህ እኔ የመጣሁት በዚህ መሐል፣ አዳራሽ በጭንቅላቴ ይዤ ነው። ትምህርት ቤቱ ታሪክና ግብረ ገብ እንዳስተምር ሰጠኝ፤ ወር ሳይሞላኝ ጋዜጣ ጀመርኩ። ማባዣ መኪና የለም፤ ስለዚህ ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ተምሮ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚጽፍ አንድ ደብተራ ለመንኩ። ከአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ወረቀት ገዛሁ፤ ደብተራው በመቃ ብዕሩ ስድስት ስድስት ቅጂ ይጽፍልኝ ጀመር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ቀዩ ቀለም ለማን እንደሚሆን ነው፤ በብራና ላይ የቅዱሳን ስምና የመጽሐፉ ባለቤት ስም በቀይ ይጻፋል። በጋዜጣ ላይ ቅዱስም ባለቤትም የለም ብዬ መለስኩለት። ራሱን ነቅንቆ ጻፈ፤ ያለ ቀይ የሚጻፍ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ደስ አላለውም። የጋዜጣውን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ብርሃን የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ነበረበት።

ቀጥሎ ሕዝባዊ ጉባኤ አሰብኩ። በጥቅምት አንድ ቀን ጉሙ ገና ከገብሱ ላይ ሳይነሣ አባ ቤት ሄድኩ። በሩ ፊት ፀሐይ እየጠበቁ ዳዊት ሲደግሙ ደረስኩ፤ እስኪጨርሱ ቆሜ መስቀላቸውን ተሳለምኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አዳራሹን አወራሁላቸው፤ ጠራጊውን ሽማግሌ፣ ቆመው የመለሱትን ምሁር፣ ሁሉንም። ደስ ብሏቸው ሰሙኝ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሕዝብ ፊት ታሪክ እንዲነግሩን እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

"ምን ታሪክ?" አሉኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት እንደ ተተከለ፣ ማን መጀመሪያ እንደ መጣ፣ ስለ ክፉ ዘመን፣ ስለ አንበጣው አልኳቸው። ትውልድ ቆጠራ ውስጥ አንገባም፤ እሱ የፍርድ ቤት ነገር ነው አልኩ።

ጉሙ ወደ ስማዳ ቁልቁለት እየተንከባለለ ሲወርድ ሁለታችንም አየን። ከዚያ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ አንድ ጉዳይ ነገሩኝ። በክፉው ዘመን፣ ከብቱ ሁሉ ባለቀበት ጊዜ፣ እሳቸው የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ወደ ስማዳ ቆላ እህል ፍለጋ ሄደው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ሞታ አገኙ። ጡቷ ላይ ያለች ሕፃን ግን አልሞተችም። አባታቸው ለራሳችንም የለንም፣ እንለፍ አሉ። ልጁ ግን ሕፃኗን አነሣ፤ አባቱ እየተቆጡ ዳገቱን በጀርባው አዝሎ አወጣት። ቤት ውስጥ እናቱ ከሳምንታት በፊት የወለደቻት ሴት ልጅ ሞታባት ጡቷ ገና ወተት ነበረው፤ ያችን አጠባች። ማን ሞተ፣ ማን ገባ ብሎ የሚቆጥር ጎረቤት በዚያ ዘመን አልነበረም። ያች ሕፃን አያቴ ናት።

"ይችን የሚያውቅ ከእኔ በቀር የለም። አሁን አንች ሆንሽ" አሉኝ። "በሰው ፊት እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ከተጠየቅሁ መመለሴ አይቀርም።"

እጃቸውን ይዤ ማልኩላቸው። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፣ ጥያቄውም የእኔ ነው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አተካከል ብቻ ነው የምጠይቀው አልኩ። ወደ ከተማ ስመለስ መንገዱ ላይ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። ስሟን የማላውቃት፣ ከየት መንደር እንደ ወጣች ማንም የማያውቃት ሴት የእኔ ቅድመ አያት ናት። በስማዳ መንገድ ዳር ያለ እያንዳንዱ ዛፍ ሥር ተኝታ ትታየኝ ጀመር። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ማሳውን ብቻ ሳይሆን እናቷንም የምነጥቃት መሰለኝ።

ጉባኤውን ግን አልተውኩትም። ዛሬ ሳስበው ይህን አላምንም፤ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። ይልቁንም ሽር ጉድ አበዛሁ። ለፋፊው በገበያ ቀን እንዲለፍፍ አደረግሁ፤ በጋዜጣው ላይም በትልቁ አስጻፍኩ፦ አባ ስለ አገሩ ታሪክ ይናገራሉ፤ እጁን ያወጣ ይጠይቃል፣ የተጠየቀ ይመልሳል፤ የተባለውም ሁሉ በጋዜጣው ይጻፋል። ይህን ሕግ ለተማሪዎቼም፣ ለአባቶቻቸውም፣ ለወረዳው ጸሐፊም ሳስተምር ሰነበትኩ። አክስቴ አንድ ማታ እህል ስታበጥር ሰምታኝ፣ "አንች ልጅ፣ አፍ የተከፈተለት ሁሉ ይናገራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለችኝ። ሳቅሁባት። ኋላ ቀርነት መሰለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። አርባ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር፤ ከስማዳ ወገን ስንቅ ይዘው አድረው የመጡ ሁሉ ነበሩ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ጉሙ የግቢውን አጥር ሸፍኖት ስለ ነበር ሰዉ ከምንም ውስጥ እየወጣ የሚመጣ ይመስላል፤ እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ወንበሮቹን፣ መድረኩን፣ የቀለሙን ሽታ ሳይቀር አገኘሁት። ነገር ግን አንድ ነገር ዓይኔን ወጋው። ሰዎቹ እንደ ልባቸው አልተቀመጡም። የአንድ ወገን ትውልድ በአንድ በኩል፣ የሌላው ወገን በሌላው በኩል ሆኖ፣ መሐሉን ክፍት ትተውታል። ብዙዎቹ አጠገባቸው ዋስ የሚሆናቸውን ሰው አስቀምጠዋል። አንዱን ጠጋ ብዬ ለምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ አባ ይናገራሉ ተባልን፣ እሳቸው ከተናገሩ ርስት ነው፣ ሌላ ምን ሊናገሩ ኖሯል አለኝ። ሕዝቡ ወደ ንግግር አልመጣም፤ ወደ ችሎት መጥቷል። የእኔ ጉባኤ ያልኩት ለእነሱ አባን ከዓመታት ዝምታ ያስወጣ ቀጠሮ ነበር። የአክስቴ ባለጋራ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከፊት ተቀምጧል። አክስቴ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ናት።

ያን ጊዜ መበተን ነበረብኝ። ዝናብ መጣ ማለት፣ አሞኛል ማለት፣ ወድቆ መተኛት ይቻል ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው እኔን እየተመለከተ ነበር፤ ተነሥቼም የተለማመድኩትን ተናገርኩ። ይህ ችሎት አይደለም፣ ትምህርት ነው አልኩ። አንገታቸውን በትሕትና ነቀነቁልኝ፤ አንዳቸውም አላመኑኝም። አባም ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አተካከል ነገሩን። ታቦቱ ከጋይንት በኩል በእግር እንደ መጣ፣ ዋናው አባት ጫካውን እንዴት እንደ መነጠረ፣ መጀመሪያ የታጨደው ስንዴ ለመገበሪያ እንደ ገባ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ደብተራው አጠገቤ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። ሲጨርሱ እፎይ አልኩ፤ አለፈ አልኩ።

ባለጋራው እጁን አወጣ። ክንዱን ቀጥ አድርጎ፣ ልክ ለተማሪዎቼ እንዳሳየኋቸው።

አላየሁትም ማለት አልቻልኩም። ሕዝቡ ሁሉ እጁን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይጠይቅ አልኩ።

ሰውየው ተነሥቶ ለአባ እጅ ነሣ። "አባታችን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከተከሉት ከዋናው አባት እስከ እኛ ድረስ ይቁጠሩልን" አለ። "ልጅቷ የተጠየቀ ይመልሳል ብላለች። እኛም የሚሉትን እንቀበላለን፤ ማሳው የአክስቷ ነው ካሉ ከዛሬ ጀምሮ ዳኛ ደጅ አልደርስም።" ሰዉ መልካም ተናገረ እያለ አጉረመረመ። እውነትም መልካም ነበር የተናገረው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለስድስት ልጆች መሬት የጠበበው ሰው ነው።

አባ ወደ እኔ ተመለከቱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ በእጃቸው የያዙትን መስቀል እጄ ደከመ ብለው አጠገባቸው ለቆመው ወጣት ቄስ ሰጡ። በአገሩ ሥርዓት የሚቆጥር ሰው አስቀድሞ በሚወደው ነገር በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ አንዱ በልጁ፣ አንዱ በበሬው። እሳቸውም "የምቆጥረው በመቅደሱ ነው፤ ብዋሽ ከመቅደሱ ያውጣኝ" አሉ።

ቆጠሩ። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም። ከዋናው አባት ጀምረው ወደ ስማዳ የወረደውን፣ ጋይንት የቀረውን፣ አርብ ገበያ በኩል ያገባችውን፣ ሳይወልድ የሞተውን፣ አንድ በአንድ እየጠሩ ሲመጡ በተጠራው ቁጥር ከአንዱ ወገን ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። የሞቱት ሁሉ በየስማቸው መጥተው በዚያ በተተወው ክፍት መሐል የሚቀመጡ መሰለኝ፤ አልፈራሁም፤ ቦታ ይበቃቸው ነበር። ከዚያ የገዛ አባታቸው ቤት ደረሱ። አራት ልጆች። የመጀመሪያው የባለጋራው አያት። ሁለተኛው በጦርነት የሞተው። ሦስተኛው እኔ ነኝ አሉ። እዚያ ላይ ቆሙ።

እኔ የማየው የአሥር ዓመት ልጅ ነበር፤ ዳገት ላይ፣ ጀርባው ከብዶት።

"አራተኛዋ እኅቴ ናት" አሉ። "ከእናቴ ማሕፀን ወጣች። ሦስት ጊዜ እልል ሲባል ደጅ ቆሜ ሰምቻለሁ።"

ሦስት እልልታ ለሴት ልጅ የሚባል ነው። እልልታውን በእርግጥ ሰምተውታል፤ የተባለው ግን ለሌላዋ፣ ለሞተችው ነው። ይህን የምናውቀው በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀሪውን ቆጥረው ጨረሱ፤ ባለጋራው ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ቃሉን አጸና፤ አክስቴ ከኋላ በጩኸት ሳይሆን በለሆሳስ ስታለቅስ ሰማኋት። አባ በገዛ ልጃቸው ላይ የመሰከሩ ሰው ናቸውና ማንም ሌላ ነገር ሊያስብ አልቻለም። ሰዉ ረክቶ ተበተነ። ጥሩ ጉባኤ ነበር አሉኝ።

የተባለው ሁሉ ይጻፋል ብዬ ነበርና በሳምንቱ ደብተራው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ቆጠራውን ሲገለብጥ አጠገቡ ተቀምጬ አየሁ። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። ይችን መስመር እኔ ልጻፋት አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ብዕሩን ነክሮ ሰጠኝ። ስድስቱንም ቅጂ በእጄ ጻፍኩ። በሐሙስ ክርክሮች ላይ ስለ እውነትና ስለ ጋዜጣ ስንት ሰው ሲናገር በስቴንስል መትቻለሁ፤ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ያን ቀን የጻፍኩት ሐሰት ነው፤ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፤ ብትጠይቁኝ ዛሬም እጽፈዋለሁ። አንዱ ቅጂ ወረዳ ሄደ። ዳኛው ባለጋራው ክርክሩን መተዉን ሰምተው፣ ጋዜጣውን ከመዝገቡ ጋር አያይዘው ነገሩን ዘጉት። አክስቴ በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ የታጨደውን አዲስ እሸት መጀመሪያ እኔን አቀመሰችኝ።

አባ ከዚያ እሑድ በኋላ መቅደስ አልገቡም። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ አርጅተዋል፣ መቆም አቃታቸው ተባለ። ሰው መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ሲልላቸው ወደ ውስጥ ሂዱ፣ ካህናት አሉ ይሉ ነበር። ሥጋው የረከሰበት ወይም ንስሐ ያለበት ሰው በሚቆምበት፣ ከቅጥሩ ውጭ ካለው ወይራ ሥር፣ በትራቸውን ተደግፈው ያስቀድሳሉ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የቀደሱ ሰው። አክስቴ አጎቴ ደከመ እያለች ትቆረቆራለች፤ ወፍራም ጋቢ ልካላቸዋለች። እኔ እሷ ስታወራ ወደ ሌላ አያለሁ። ለምን ዝም አልሽ ስትለኝም ያው እንደ ልማዴ እያለምኩ ነው እላታለሁ።

ደፍሬ የሄድኩት በሰኔ፣ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ነው። እሑድ ማለዳ ነበር፤ ያው ጉም። ሰዉ ገብቶ አልቋል፤ እሳቸው ወይራው ሥር ብቻቸውን ቆመዋል። አጠገባቸው ቆምኩና ስንት ቀን ያዘጋጀሁትን ንግግር ረስቼ አለቀስኩ። እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት፣ በእኔ ጉባኤ ነው፣ በእኔ ሕግ ነው አልኳቸው። ጋዜጣውን አርሜ ላውጣው፣ ቢያንስ ያችን መስመር ላንሳት፣ ለዳኛውም ለአክስቴም ልንገር፣ እርስዎ ወደ ቦታዎ ይመለሱ አልኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም።

"ልጄ፣ ልነግራቸው ተነሥቼ ነበር" አሉ። "እዚያ የቆምኩት እውነቱን ልናገር ነበር። በልጄ ላይ ተናግሬ የለ። ግን ዕድሜዋን ሙሉ እኅቴ ያልኳትን፣ ከሞተች በኋላ በሕዝብ ፊት እኅቴ አይደለችም ማለት አቃተኝ።"

ከዚያ ጋዜጣው ይቅር፣ አትንኪው አሉኝ። ውስጥ ደወል ተደወለ፤ ወንጌል ሊነበብ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወደ ሴቶች በር ሮጬ እገባ ነበር። ያን ቀን ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ አደገደግሁና እሳቸው አጠገብ ቀረሁ። የወጣቱ ቄስ ድምፅ በግንቡ አልፎ በጉሙ ውስጥ ደከም ብሎ ይመጣል። የካህኑ ድርሻ በደረሰ ቁጥር የአባ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አላወጡም።